ለቀዝቃዛ ውኃ የሚንቀጠቀጥ የብረት ማባበያ፦ አሠራሩና አጣጣሉ

ዓሣ የሚጠመድበት የብረት ማባበያ ሠርታችሁ ውኃ ውስጥ ስትከቱት አልንቀጠቀጥ ካለ፣ ቅርጹን ከመኮነናችሁ በፊት ክሩ የሚታሰርበትን ቀዳዳ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቀዳዳው ሆዱ ላይ ከተጣበቀው የእርሳስ ክብደት አንጻር 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲሄድ ያው ብረት ሌላ ጠባይ ያመጣል። አንዱ ቦታ ላይ ሕያው ዓሣ ይመስላል፣ ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ተጣለ ማንኪያ ዝም ብሎ ይወርዳል።

የምናገረው አሜሪካኖች ብሌድ፣ ጃፓኖች ሜታል ቫይብ ስለሚሉት ማባበያ ነው። ዓሣ መሰል ጠፍጣፋ ብረት፣ ከሆዱ ሥር ወደ ራሱ በኩል ክብደት የተጣበቀበት፣ ጀርባው ላይ የተበሳ፣ ከሆዱና ከጅራቱ መንጠቆ የተንጠለጠለበት። ሲነሣ ግራና ቀኝ ይርገፈገፋል፣ ሲለቀቅ ይሰምጣል። ዋና ሥራው በብርድ ወራት ባስ የሚባለውን ዓሣ መያዝ ነው። ክረምት ያላልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የኛ ክረምት የዝናብ ነው፣ እዚህ የምናወራው ግን ውኃው ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚወርድበት የፈረንጆቹ የበረዶ ወቅት ነው። ባስ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ትልቅ አፍና ትንሽ አፍ የሚባሉ ሁለት የታወቁ ዓይነቶች አሉት። ብሌድን ለብርድ ወራት ዓሣ በማጥመድ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ቢሊ ዌስትሞርላንድ ነው፤ ቦታው በቴነሲና በኬንታኪ ድንበር ላይ ያለው ዴል ሆሎው ሐይቅ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቢዋ ሐይቅ ላይ በብርድ ወራት ይኸው ብረት ይወረወራል።

እኔ የምሠራው እዚሁ አዲስ አበባ መሀል፣ ከተክለ ሃይማኖት እስከ መርካቶ ባለው መንገድ በሚገኝ ዕቃ ነው። የተዘጋጀ ብሌድ የሚሸጥ ሱቅ እዚህ አላውቅም፤ መንጠቆውና ትንንሾቹ ቀለበቶች በዘመድ ሻንጣ ይመጣሉ፣ የቀረው ሁሉ ግን እዚህ ይሟላል። ለባሌ ወንዞች የሚሠራ ሰውም፣ ሚኒሶታ ላለ ወንድሙ ሠርቶ የሚልክ ሰውም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራዋል።

ለአካሉ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የነሐስ ላሜራ ይበቃል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ነሐስ በኪሎ ይገኛል፤ ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ነሐስ ቀለም የተቀባ ብረት ዓይን ያታልላል፣ ማግኔት ግን አይታለልም፦ ከሳበው ነሐስ አይደለም። ስቴንለስም ይሆናል፣ ለረጅም ጊዜም አይደበዝዝም፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም፤ ፑንታ ይጨርሳል፣ ሞረድም ይበላል። ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ነሐስ ድንጋይ በነካ ቁጥር ይታጠፋል፣ የታጠፈ ብሌድ ደግሞ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ይሄዳል። የወፈረ ሲሆን ንዝረቱ ይደነዝዛል።

መጠኑ ለ14 ግራም ማባበያ እንዲህ ነው። ርዝመቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ በጣም ሰፊ የሆነበት ቦታ ቁመቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ ሰፊው ቦታ ከመሀል ትንሽ ወደ ራስ ያዘነበለ፣ ጅራቱ የጠበበ። በዚህ ልክ የተቆረጠ ነሐስ 5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ክብደቱ 8 ግራም፣ መንጠቆና ቀለበት 1 ግራም ገደማ፤ ድምሩ 14 ይሆናል፣ አሜሪካኖቹ ግማሽ አውንስ የሚሉት። ቅርጹን ወፈር ባለ ካርቶን ላይ ሥላችሁ ቁረጡ፣ ላሜራው ላይ አስቀምጣችሁ በሚስማር ጫፍ ዙሪያውን ጫሩ። በላሜራ መቀስ አትቁረጡት፤ መቀስ ጠርዙን ያጣምመዋል፣ የተጣመመውን በመዶሻ ማቅናት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሞርሳ ላይ አስራችሁ በሴጌቶ ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ወጣ ብላችሁ ቁረጡና የቀረውን በሞረድ አውርዱት። ሁለት ሦስት ላሜራ አንድ ላይ አስሮ መሞረድ ሥራ ያቀላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

አሁን ክብደቱ። እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ ብዙ ሰው የሚጀምርበት መንገድ ነው፤ እኔ ግን አዲስ አበባ መሀል፣ ጎረቤትና ሕፃናት በሚጋሩት ግቢ ውስጥ እርሳስ መቅለጥ የለበትም ባይ ነኝ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ጭሱና አቧራው ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ የአእምሮ እድገት ድረስ ይደርሳል። በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ለሚያፈሱት ሌላም አደጋ አለ፦ ጀሶው ውስጥ የቀረች ጠብታ እርጥበት ትኩስ እርሳስ ሲነካት በቅጽበት እንፋሎት ትሆንና እርሳሱን ፊት ላይ ትረጨዋለች። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጀሶ ከውጭ የደረቀ መስሎ ከውስጥ ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ከመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስማ በምንም ምክንያት አትንኩ፤ አሲድ የጠጣ ነው፣ ሲሞቅም መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ሳይቀልጥ የሚሠራበት መንገድ አለ፣ ውጤቱም አይተናነስም። የመረብ ማስመጫ እርሳስ ወይም የአሮጌ ቧንቧ እርሳስ ውሰዱና በመዶሻ ቀስ እያላችሁ 2.5 ሚሊ ሜትር እስኪሆን አሳሱት። ጎሚስታ ቤት የሚገኘው የጎማ ሚዛን እርሳስም ይሆናል፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ አንዳንዱ እርሳስ ሳይሆን ዚንክ ወይም ብረት ነው፣ እርሳስ የሆነውም ጠንከር እንዲል ሌላ ማዕድን ስለሚገባበት ሲቀጠቀጥ ጠርዙ ይሰነጠቃል። እውነተኛው እርሳስ በጥፍር ይጫራል፣ ወረቀት ላይ ቢታሸት ግራጫ መስመር ይተዋል።

ከሳሳው እርሳስ 20 በ7 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች በቢላ ቁረጡ። እያንዳንዱ 4 ግራም ይሆናል። በሞረድ አትሞርዱት፣ አቧራው ነው የሚጎዳው። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ፣ ከአፍንጫው 4 ሚሊ ሜትር ጀምሮ እስከ 24 ሚሊ ሜትር፣ ከሆዱ ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ አስቀምጡ። ሁለት ቦታ በ1.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ሦስቱንም አንድ ላይ ብሱና ከቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠ የመዳብ ዘንግ አሳልፉበት። ባለ 1.5 የሚባለው ድፍን ሽቦ መዳቡ ከ1.4 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ ልክ ይገባል። በሁለቱም በኩል 1 ሚሊ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡና ጫፉን በትንሽ መዶሻ ጠፍጠፍ አድርጉት። ከዚያ በላይ ኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ) ቀቡት፤ እርሳሱን ከእጅም ከውኃም ይለያል። ወርቅ ሠሪ የምታውቁ ከሆነ ሁለቱን ቁራጮች በወርቅ ሚዛን አስመዝኑ፤ የወጥ ቤት ሚዛን የግማሽ ግራም ልዩነት አያሳይም፣ ግራና ቀኙ በግማሽ ግራም ከተበላለጠ ግን ብሌዱ አንገቱን ያዘነብላል።

ይህን ሥራ ጨርሳችሁ እጃችሁን በሳሙና፣ ጥፍራችሁን በብሩሽ ሳትታጠቡ ማዕድ አትቅረቡ። እኛ በጣታችን የምንጎርስ፣ የምናጎርስም ሰዎች ነን፤ ጥፍር ሥር የቀረ እርሳስ በቀጥታ አፍ ውስጥ ይገባል።

ወደ አሜሪካ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የሚወረወርበትን ግዛት ሕግ ጠይቁ። እንደ ኒው ሃምፕሸርና ማሳቹሴትስ ያሉ ግዛቶች የውኃ ወፎች እየዋጡት ስለሚሞቱ አነስተኛ የእርሳስ ማስመጫዎችን ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ላይ ከልክለዋል። ለእነሱ ክብደቱንም ከነሐስ ሥሩት፦ ነሐስ ከእርሳስ ስለሚቀል በዚያው 20 በ7 ልክ የእያንዳንዱ ጎን ውፍረት ከ2.5 ወደ 3.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በስታኞ ይበየዳል። ትንሽ ይወፍራል እንጂ በደንብ ይሠራል።

ወደ ቀዳዳው ልመለስ። ጀርባው ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፦ ከአፍንጫው 20፣ 23 እና 26 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ከጠርዙ 2.5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው። ከአንድ በላይ ቀዳዳ ካላቸው የፋብሪካ ብሌዶች አንዱ ሄዶን ሶናር ነው፤ ሲልቨር በዲ የሚባለው አንድ ብቻ አለው። ለእጅ ሥራ ሦስቱ ይሻላል፣ ስሕተት ለማረም መንገድ ይሰጣል። የፊተኛው ቀዳዳ ንዝረቱን ጠበቅና ፈጠን ያደርገዋል፣ የኋለኛው ሰፋና ጎላ ያደርገዋል፣ ክንድ ላይም ይከብዳል። በጣም ቀዝቃዛና ጥርት ባለ ውኃ የፊተኛውን፣ በደፈረሰ ውኃ የኋለኛውን እመርጣለሁ። ሥራ ስትጀምሩ መሀከለኛው ላይ እሰሩ።

መንጠቆዎቹን ካንጠለጠላችሁ በኋላ በመሀከለኛው ቀዳዳ ክር አሳልፋችሁ አየር ላይ ስቀሉት። አፍንጫው ከጅራቱ ዝቅ ማለት አለበት፣ ብዙ ሳይሆን በትንሹ። ጭራሽ አግድም ከሆነ ወይም ጅራቱ ከወረደ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፤ ሲሰምጥ ይሽከረከራል፣ ሲነሣም አይንቀጠቀጥም። መድኃኒቱ ቀዳዳውን ወደ ኋላ መለወጥ ወይም ጅራቱን በሞረድ ማሳነስ ነው። አፍንጫው ቁልቁል ከተተከለ ደግሞ ሲነሣ እንደ ድንጋይ ይጎተታል፤ ወደ ፊተኛው ቀዳዳ ለውጡ።

ከተበሳ በኋላ ቀዳዳው አፍ ላይ የሚቀረው ስስ ጥርስ በዓይን አይታይም፣ ክር ግን ይቆርጣል። ከእሱ ለመገላገል ሰፋ ያለ ፑንታ በጣት ይዛችሁ በሁለቱም በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክሩ፣ ከዚያ ትንሽ ጥጥ ጠቅልላችሁ በቀዳዳው ውስጥ ጎትቱት። ጥጥ ይዞ ከቀረ ጥርሱ አለ። ምንም ሳይዝ እስኪያልፍ ድረስ መልሳችሁ አሽከርክሩ። ቢጠራም ግን ክሩን በቀጥታ ቀዳዳው ላይ አትሰሩ፤ የላሜራው ጠርዝ ክሩን ቀስ በቀስ ይልጠዋል። አፉ ክብ የሆነ ትንሽ ስናፕ (የሚከፈትና የሚዘጋ የሽቦ ማያያዣ) በመሀል ይግባ። ስናፕ ከሌለ ትንሽ ክብ ቀለበት። ተሽከርካሪ ማያያዣ ጨምራችሁ አታብዙበት፤ ክብደቱ ንዝረቱን ይውጠዋል።

የሆድ መንጠቆው ቀዳዳ ከአፍንጫው 28 ሚሊ ሜትር ላይ፣ የጅራቱ ከጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ባለ ሦስት ጫፍ 6 ቁጥር መንጠቆ ለዚህ መጠን ይስማማል (ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል)። ትልቅ መንጠቆ ብዙ ዓሣ ይይዛል ብለው 2 ቁጥር የሚሰቅሉ አሉ፤ ብረቱ በመንጠቆው ክብደት ይታሰርና ዝም ይላል፣ መንጠቆው ደግሞ ዞሮ ክሩን ይይዛል። ድንጋይ በበዛበት ቦታ ባለ ሁለት ጫፍ መንጠቆ ጫፎቹ ወደ ላይ እንዲያዩ አድርጎ መስቀል ኪሳራ ይቀንሳል።

ሙከራው በርሜል ውስጥ ነው፣ ሮቶም ይሆናል። የበርሜሉ ውኃ ሞቀም ቀዘቀዘ በንዝረቱ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣምና ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም። ክሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ፣ ብሌዱን ታች አድርሱና አንድ ስንዝር ብድግ አድርጉት። በጣታችሁ መሀል የተመታ የማሲንቆ ክር የያዛችሁ ያህል ሊሰማችሁ ይገባል። ንዝረቱ የሚጀምረው በስንዝሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ዘግይቷል፤ ከመጀመሪያዋ ሁለት ጣት ያህል ከፍታ ጀምሮ መኖር አለበት። ቀጥሎ ክሩን ልቅ አድርጋችሁ ልቀቁትና ከላይ ተመልከቱ፤ ከዚያ እጃችሁን ከብረቱ ጋር እያወረዳችሁ በስሱ ወጥሮ ልቀቁት። በልቅ ክር ሲወርድ መንጠቆው ክሩን ሲይዝ ታያላችሁ፤ በስሱ ሲወጠር ግን አፍንጫውን አስቀድሞ፣ ጎኑን እያብለጨለጨ ይወርዳል። ውኃው ላይ የምትሠሩት ሥራ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ቀለም ላይ ጊዜ አታጥፉ። ነሐሱን በሎሚና በጨው አሽታችሁ ማብራት ይበቃል፤ ጀርባው ላይ ጥቁር የጥፍር ቀለም ብትጨምሩ አይከፋም።

አሁን ውኃው። ባስ ደመ ቀዝቃዛ ነው፤ የውኃው ሙቀት ሲወርድ ሰውነቱ ምግብ የሚያቃጥልበት ፍጥነትም ይወርዳል፣ ስለዚህ አያሳድድም። ውኃ በ4 ዲግሪ ከሁሉም በላይ ስለሚከብድ ላዩ በረዶ ሲሠራ እንኳ ታችኛው በዚያ ሙቀት ይቆያል፤ ዓሣውም ጥልቅ ቦታ፣ ዳገቱ ወደ ገደል በሚቆረጥበት ጠርዝ ላይ ተሰብስቦ ይከርማል። ባስ የሚበላቸው ሻድ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ብርድ አይችሉም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይደክማሉ፣ እየተንፈራገጡ ወደ ታች ይወርዳሉ። ብሌድ የሚመስለው ይህን ነው፦ ጥቂት ተንፈራግጦ የሚወድቅ ዓሣ። ስለዚህ መብላቱ የሚመጣው ሲነሣ ሳይሆን ሲወድቅ ነው፣ ወይም መሬት ነክቶ ባረፈበት ቅጽበት።

ክብደቱን በጥልቀት ምረጡ፦ ከ4 ሜትር ለሚያንስ ጥልቀት ከ7 እስከ 10 ግራም፣ ከ5 እስከ 8 ሜትር 14 ግራም፣ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ወይም ነፋስ ሲኖር 21 ግራም። ዘንጉ 2 ሜትር ገደማ፣ ጫፉ ንዝረት የሚያስተላልፍ ግን ያልደረቀ ይሁን። ክሩ 0.25 ሚሊ ሜትር ፍሎሮካርቦን (ደንደን ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የዓሣ ክር)። የተገመደ ክር ንዝረቱን አጉልቶ ያሰማል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ መንጠቆ ላይ ይጠመጠማል፤ እሱን ከተጠቀማችሁ ጫፉ ላይ 1 ሜትር ፍሎሮካርቦን ቀጥሉበት።

ወርውሩና መሬት እስኪነካ ቁጠሩ። ክሩ ሲልል ደርሷል። ቁጥሩን ያዙት፤ በሚቀጥለው ውርወራ በ12 ይደርስ የነበረው በ8 ከቆመ ወይ ድንጋይ ላይ አርፏል ወይ ዓሣ ወስዶታል፤ ሁለቱንም ዘንጉን ቀና አድርጎ መመርመር ነው። ከዚያ ዘንጉን ብቻ ከአንድ ስንዝር እስከ አንድ ክንድ ያንሡ፣ ሪሉን (የክር መጠቅለያውን) አትንኩ። ሁለት ወይም ሦስት ንዝረት ሲሰማችሁ አቁሙ። ወዲያው የዘንጉን ጫፍ ብረቱ በሚወርድበት ፍጥነት አብራችሁ አውርዱ፤ ክሩ በስሱ እንጂ በኃይል አይወጠር፣ አይርገብም። መሬት ሲነካ የላላውን ክር ሰብስቡ፣ ከ3 እስከ 10 ሰከንድ ጠብቁ፣ ድገሙ። ውኃው ወደ 4 ዲግሪ ሲጠጋ ማንሻው ስንዝር፣ ጥበቃው 10 ይሁን፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ክንድ እና 3።

ከዚህ ሁሉ ሰው የሚስተው ከፍታውን ነው። ዘንጉን እስከ ትከሻ ያነሡታል፣ ብረቱ ሁለት ሜትር ይዘላል፣ ከታች የተኛው ዓሣ ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። ሌላው ስሕተት ዓሣው ሲይዝ አለማወቅ ነው፦ በብርድ ውኃ ባስ ነጥቆ አይሮጥም። የሚሰማው በውድቀቱ መሀል ክሩ ቀድሞ መቆሙ፣ ወይም ቀጥሎ ስታነሡ ርጥብ ጨርቅ የተንጠለጠለ ያህል መክበዱ ነው። ንዝረቱ ካልመጣ ዓሣ ነው ብላችሁ ዘንጉን በእርጋታ ሳቡ፤ በኃይል መምዘዝ መንጠቆውን ከከንፈሩ ይነቅለዋል። ዓሣ ካልሆነ መንጠቆው ክሩን ይዟል፤ አውጥታችሁ ፍቱት፤ በዚያ ሁኔታ አሥር ጊዜ ቢወረወር ፋይዳ የለውም።

ድንጋይ ሲይዘው አትጎትቱ፤ ጎትታችሁ ያጠበቃችሁት አይወጣም። ክሩን አላልታችሁ የዘንጉን ጫፍ ተንቀጥቀጥ አድርጉት፤ የራሱ ክብደት እንደ መዶሻ እየመታ ያላቅቀዋል። ከተላቀቀ በኋላ የመንጠቆውን ጫፍ ጥፍር ላይ ጫር አድርጉ፤ ከተንሸራተተ ደንዝዟልና ሳሉት።

ከ9 ሜትር በላይ ጥልቀት የወጣ ባስ የአየር ከረጢቱ ሊነፋ ይችላል፣ ከላይ ይገለበጣል። የምትለቁት ከሆነ ቶሎ ልቀቁት፣ ብዙ እንዲህ ከሆኑ ጥልቀት ቀንሱ። ከዚህ ከተማ ሄዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በ5 ዲግሪ ውኃ ላይ ጀልባ የሚወጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ እዚያ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ዋናተኛም ቢሆን። ተንሳፋፊ ጃኬት ከላይ ካለው ካፖርት በላይ ተቆልፎ ይለበስ፣ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ አይጠቅምም።

ትራውት ለሚባለው የባሌ ዓሣ፣ ከኬንያ መጥቶ በዌብና በአካባቢው ወንዞች ለተራባው፣ ይህ 14 ግራም ብረት ይበዛል፤ ወንዞቹ ጠባብና አብዛኛው ቦታ ጥልቀት የሌላቸው ናቸው። ርዝመቱን ወደ 35 ሚሊ ሜትር፣ ላሜራውን ወደ 0.8፣ ጠቅላላ ክብደቱን ወደ 5 ግራም አውርዱ፣ ቀዳዳዎቹንም በዚያው ንጽጽር ወደ አፍንጫ አስጠጉ፤ የሆዱን መንጠቆ ትታችሁ የጅራቱን ብቻ፣ እሱንም ባለ አንድ ጫፍ አድርጉ። ፏፏቴ ሥር ያለ ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሩጫ ውኃ ላይ ድንጋይ ይበላዋል። በባሌ ተራሮች ፓርክ ክልል ውስጥ ፈቃድ ጠይቁ።

ሲመለሱ ብሌዶቹን ደርቀው ሳይሆን ረጥበው ሳጥን ውስጥ መዝጋት መንጠቆ ያዝጋል። በጨርቅ አብሱ፣ አየር ላይ ሌሊቱን አሳድሩ፣ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እንዳይፍቅ ለየብቻ በቁራጭ ፕላስቲክ ጠቅልሉ። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ ከእጅ ቦርሳ ሳይሆን ከሚመዘነው ሻንጣ ውስጥ፣ መንጠቆው በቡሽ ተሸፍኖ ይቀመጥ።